ከማዕድ ወደ መስታወት ሣጥን፦ የቃሻን ሥዕላዊ ሸክላዎች አነባበብ

በዋሽንግተን ከተማ በፍሪር የሥነ ጥበብ ሙዚየም ቁመቷ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነች አንዲት የሸክላ ዋንጫ ትገኛለች። በአንድ እጅ መዳፍ የምትያዝ ናት። የተሠራችው በኢራን፣ ምናልባትም በቃሻን ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወይም በ13ኛው መጀመሪያ ላይ ነው። ውጫዊ ገጿ ከላይ እስከ ታች በሦስት ዙር ተከፍሎ በየዙሩ ሰዎችና ፈረሶች በቀይ፣ በሰማያዊ፣ በአረንጓዴና በጥቁር ቀለም ተሥለውበታል። የፊርደውሲን ሻህናማ የሚያውቅ ሰው ዋንጫዋን በእጁ ሲያዞራት የቢዣንና የማኒዣን ታሪክ ይለያል፤ የማያውቅ ሰው ግን ያማሩ ሰዎችን ያያል እንጂ ታሪክ አያይም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ከዚህ ልዩነት ይጀምራል።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። የኢራን ንጉሥ ካይ ኹስራው ሰብል የሚያጠፉ የዱር እርያዎችን እንዲያድን ወጣቱን ቢዣንን ይልከዋል። አብሮት የተላከው ጉርጊን በድሉ ይቀናበትና ወደ ጠላት አገር ወደ ቱራን ድንበር፣ የንጉሥ አፍራሲያብ ልጅ ማኒዣ ወደምትዝናናበት መስክ ይመራዋል። ማኒዣ ወጣቱን ትወደዋለች፤ የሚያፈዝ መጠጥ አጠጥታም በስውር ወደ ቤተ መንግሥቷ ታስገባዋለች። ነገሩ ሲገለጥ አፍራሲያብ ቢዣንን ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ አስጥሎ አፉን በታላቅ ቋጥኝ ይዘጋበታል፤ ልጁንም ጌጧንና ክብሯን ገፎ ያባርራታል። እሷ ከደጅ ደጅ ዳቦ እየለመነች በቋጥኙ ሥር ባለች ቀዳዳ እስረኛውን ትመግበዋለች። ካይ ኹስራው በኑውሩዝ ቀን ዓለምን በምታሳይ ጽዋ ውስጥ ተመልክቶ ቢዣን የት እንዳለ ያውቃል፤ ሩስተምንም ነጋዴ አስመስሎ ይልከዋል። ሩስተም ቀለበቱን በተጠበሰ ዶሮ ሆድ ደብቆ በማኒዣ እጅ ይልካል፤ ቢዣን ምግቡን ሲበላ ቀለበቱን ያገኛል። በሌሊትም ማኒዣ ባነደደችው እሳት ምልክትነት ሩስተም መጥቶ ቋጥኙን ያነሳል።

ይህን ታሪክ ሳስብ ሸክላ ሠሪው ወይም ያዘዘው ሰው ከሻህናማ በርካታ ታሪኮች መካከል ለዋንጫ የመረጠው በአጋጣሚ ነው ለማለት ይከብደኛል። ቢዣን የጠፋው በመጠጥ ነው። የታየው በጽዋ ውስጥ ነው። በሕይወት የቆየው በልመና ዳቦ ነው፤ የመዳኑ ዜና የደረሰው በምግብ ውስጥ ነው። የዋንጫዋ ባለቤት ከንፈሩን ባስነካ ቁጥር ጽዋ፣ እንጀራና ቀለበት የሰውን ዕጣ የሚወስኑበትን ታሪክ በጣቶቹ መካከል ይዞ ነበር። በመጽሐፍ ገጽ ላይ ይህ ታሪክ ይነበባል፤ በዋንጫ ላይ ግን ታሪኩ የሚናገርለት ነገር ራሱ በእጅ ውስጥ አለ። የሸክላ ሥዕል ከብራና ሥዕል የሚበልጥበት ነጥብ ቢኖር ይህ ነው፤ በሌላው ሁሉ ያንሳል።

የሚያንስበትንም ልናገር። ክብ ነገር መጀመሪያና መጨረሻ የለውም። ተመልካቹ ታሪኩ ከየት እንደሚጀምር ለማወቅ አስቀድሞ የሚያውቀውን አንድ ክንውን ማግኘት አለበት፤ ለምሳሌ ጉድጓዱንና በውስጡ ያለውን እስረኛ። የሰዎቹ ፊት ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ክብ ፊት፣ ጠባብ ዓይን፣ ትንሽ አፍ። ቢዣንን ከጉርጊን በመልኩ መለየት አይቻልም። በዚህም ምክንያት ግሬስ ገስት የተባሉት ተመራማሪ በ1943 ሥዕሎቹን ከሻህናማ ክንውኖች ጋር አንድ በአንድ ማዛመድ አስፈልጓቸዋል፤ ማሪያና ሽሪቭ ሲምፕሰን ደግሞ በ1981 የትረካውን አደራደር መርምረዋል። የሠሪው ዘመን ሰው ይህ ሁሉ ድካም አላስፈለገውም። መንዙማ ስንሰማ አንድ ስም ብቻ ሲጠራ ዘመቻው፣ ስደቱ፣ ሐዘኑ ሁሉ በአእምሯችን እንደሚመጣው ሁሉ፣ ለእሱም አንድ ጉድጓድና አንድ ቋጥኝ ይበቃው ነበር። ሸክላው ተራኪ አይደለም፤ አስታዋሽ ነው። ትረካው በሰዎች አንደበት ላይ ነበር፤ አንደበቱ ዝም ካለ በኋላ የቀረን አስታዋሹ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አነጋገር ማረም ያስፈልጋል። እነዚህ ሸክላዎች ከሥዕላዊ መጻሕፍት የተቀዱ ናቸው ሲባል እንሰማለን። ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በእጃችን ያለው ማስረጃ በተቃራኒው የቆመ ነው። ቀኑ የታወቀው ጥንታዊው የሻህናማ ቅጂ በ614 ዓመተ ሂጅራ (1217) የተጻፈውና ዛሬ በጣልያን ፍሎረንስ የሚገኘው ነው፤ እሱም ሥዕል የለበትም። እስከ ዘመናችን የደረሱት ሥዕላዊ የሻህናማ ቅጂዎች የሚጀምሩት በ1300 አካባቢ ነው። ዋንጫዋ በአንድ መቶ ዓመት ገደማ ትቀድማቸዋለች። መጻሕፍቱ በሞንጎሎች ወረራ ጠፍተዋል የሚለው መላምት ማራኪ ቢሆንም፣ በጠፋ መጽሐፍ ያለን ሸክላ መተርጎም የዳኝነት ሥርዓት አይደለም።

የአሠራሩን ነገር በአጭሩ ልለፍ። ይህ ዓይነቱ ሸክላ ዛሬ «ሚናኢ» ይባላል። ከቃሻን የታወቀ የሸክላ ሠሪዎች ቤተሰብ የወጡት አቡል ቃሲም በ700 ዓመተ ሂጅራ (1301) ስለ ሙያው በጻፉት ድርሳን፣ የሸክላው አካል ከአሥር እጅ የተፈጨ ነጭ ድንጋይ፣ ከአንድ እጅ የመስታወት ዱቄትና ከአንድ እጅ ነጭ ጭቃ እንደሚቦካ ይገልጻሉ። ሳህኑ መስታወት በሚመስል ልባስ ተለብጦ ከተተኮሰ በኋላ በላዩ በቀለም ይሣልበትና በለዘበ እሳት እንደገና ወደ እቶን ይገባል። ሁለት ጊዜ መተኮስ ማለት ሁለት ጊዜ የመሰንጠቅ አደጋ፣ ሁለት ጊዜም የማገዶ ወጪ ነው። ስለዚህ እነዚህ ዕቃዎች የድሃ ጓዳ ዕቃዎች አልነበሩም።

አሁን ከዋንጫዋ ወደ ሳህን እንሻገር። በኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ያለ አንድ የሚናኢ ሳህን በውስጡ የበህራም ጉርንና የአዛዳን ታሪክ ይዟል። ልዑሉ በግመል ላይ ሆኖ ሚዳቋ ያድናል፤ ከኋላው ባሪያው አዛዳ በገና ይዛ ተቀምጣለች። እሷ በምርጫዋ የሚከብድ ዒላማ ታቀርብለታለች፤ ሚዳቋዋ ጆሮዋን በኋላ እግሯ ስታክ እግሯን ከጆሮዋ ጋር በአንድ ቀስት እንዲሰፋ። እሱ ያደርገዋል። እሷ ግን ከማድነቅ ይልቅ ለእንስሳዋ ታዝናለች። ልዑሉ ተቆጥቶ ከግመሉ ይገፈትራትና ያስረግጣታል። ሸክላ ሠሪው ይህን ሁሉ በአንድ ክብ ውስጥ አድርጎታል። አዛዳ ሁለት ጊዜ ተሥላለች፤ ከላይ በበገናዋ ትዘምራለች፣ ከታች በግመሉ እግር ሥር ወድቃለች። ግመሉ ግን አንድ ነው፤ ጉዞውንም አላቋረጠም።

ይህ አሣሣል በዕውቀት ማነስ የመጣ አይደለም። ሠሪው ጊዜን አጥፎ በደሉንና ከበደሉ በፊት የነበረውን ዜማ አብሮ አሳይቷል፤ ግመሉ የማይቆም መሆኑም የልዑሉን ግድየለሽነት ከማንኛውም የፊት ገጽታ በላይ ይናገራል። ነገር ግን ሳህን መሆኑን አንርሳ። ሳህን በምግብ ይሸፈናል። እንግዳው እየበላ ሲሄድ ከዳር በኩል ጽሑፉ፣ ከዚያ የግመሉ ራስ፣ በመጨረሻም የተረገጠችው ሴት ትገለጣለች። ጠጋቢው ይህን ሲያይ ይስቅ ነበር ወይስ ያዝን ነበር? ኒዛሚ በ1197 በፈጸመው ሀፍት ፔይከር ይህንኑ ታሪክ አድሶ ሴቲቱን ከሞት አትርፏታል፤ ጥጃ ተሸክማ ደረጃ በመውጣት ልዑሉን በዘዴ የምታስተምር ብልህ አድርጓታል። ሳህኖቹ በሚሠሩበት ዘመን ማለት ነው። የታወቁት ሳህኖች ግን ከፊርደውሲ ጭካኔ ጋር ቀርተዋል። ገጣሚው ሕሊናው ሲቆረቁረው ሸክላ ሠሪው ገበያው የለመደውን ሣለ። ይህን የምለው ሳህኖቹን ለማሳነስ አይደለም፤ ውበታቸውን ብቻ እያነሱ ታሪካቸውን የሚዘሉ ጸሐፊዎችን ግን እታዘባለሁ።

እዚህ የደረሰ አንባቢ «ለመሆኑ ነፍስ ያለው ነገር ሥዕል በሙስሊም ማዕድ ላይ ምን ይሠራል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በትምህርት ቤቶቻችን ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልሶች ይሰጣሉ። አንደኛው «ይህ የነገሥታት ብልግና እንጂ የእስልምና ጥበብ አይደለም» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በተለይ በውጭ መጻሕፍት የሚገኘው፣ «ሥዕሎቹ መኖራቸው የፊቅህ ክልከላ በወረቀት ላይ ብቻ እንደነበር ያሳያል» የሚል ነው። ሁለቱም አንድ ስሕተት ይጋራሉ፤ ፊቅሁ ስለ ሳህን ምን እንዳለ አልጠየቁም። ፊቅሁ ግን ብሏል።

በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበውን የእናታችን ዓኢሻን (ረ.ዐ.) መጋረጃ ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከጉዞ ሲመለሱ ሥዕል ያለበት መጋረጃ ተሰቅሎ አግኝተው አወረዱት፤ ጨርቁ ተቀዶ መደገፊያ ሆነ። በሌላ ዘገባ ደግሞ ሥዕል ስላለበት ትራስ በር ላይ ቆመው አልገባም ማለታቸው ተላልፏል፤ የሊቃውንቱም ልዩነት ከዚሁ ይመነጫል። ኢማም ነወዊ (ረሒመሁላህ፣ ያረፉት በ676 ዓመተ ሂጅራ) በሰሒሕ ሙስሊም ማብራሪያቸው ሁለት ጉዳዮችን ይለያሉ፤ መሣልንና መያዝን። ነፍስ ያለውን መሣል በልብስም ይሁን በምንጣፍ፣ በገንዘብም ይሁን በዕቃ ወይም በግድግዳ ክልክል ነው ይላሉ፤ ዕቃንም በስም ይጠሩታል። ጥላ የሌለው ሥዕል ችግር የለውም ያሉትን ቀደምት ሊቃውንት አስተያየትም ውድቅ ያደርጉታል። ስለ መያዙ ግን ፍርዱ እንደ ሥፍራው ይለያያል፤ የተሰቀለው ይከለከላል፣ የሚረገጠውና የሚተኛበት ይፈቀዳል።

ይኸው ሐሳብ በአገራችን በሻፊዒይ መዝሀብ ደረሶች በሚቀሩት በሚንሃጅ ውስጥ በወሊማ ምዕራፍ ተቀምጧል። በጣሪያ፣ በግድግዳ፣ በመጋረጃ ወይም በሚለበስ ልብስ ላይ ያለ የእንስሳ ሥዕል ከመጥፎ ነገሮች ይቆጠራል፤ በመሬት፣ በምንጣፍና በሚተኛበት ትራስ ላይ ያለ፣ እንዲሁም ራሱ የተቆረጠና የዛፍ ሥዕል ይፈቀዳል። ተደግፎ የቆመ ትራስ ከተኛው ትራስ በፍርድ ይለያል። ልብ በሉ፤ ጨርቁ አንድ ሊሆን ይችላል፣ የሚለየው አቀማመጡ ነው። ከሚንሃጅና ከአቻዎቹ በኋላ የመጡት ማብራሪያዎች ደግሞ በአጠቃቀም ክብራቸው ከሚዋረድ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ ትሪን፣ የምግብ ገበታንና ሳህንን ይጨምራሉ። በወጥ የሚሸፈን፣ በጣት የሚጠረግ፣ በውኃ የሚታጠብ ሥዕል ከፍ ከፍ የተደረገ ሥዕል አይደለም ማለታቸው ነው።

ይህ የቃሻንን ሸክላ ሠሪ ነጻ አያወጣውም፤ ማብራሪያው የሚመለከተው ያዡን እንጂ ሣዩን አይደለም። ቃሻንም በአመዛኙ የሺዓ ከተማ እንደነበረች የሚያስታውሰኝ አንባቢ አይጠፋም፤ የሻፊዒይን ፍርድ በቃሻን ላይ መጫኔ አይደለም። የምለው ሌላ ነው። የፊቅሁ ሊቃውንት ሥዕልን ሲያስቡ ረቂቅ የሆነ «ምስል» አላሰቡም፤ ያሰቡት መጋረጃ፣ ትራስ፣ ትሪ፣ ሳህን ነው። ከሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙዎቹ ያልደረሱበትን ጥያቄ እነሱ ቀድመው ጠይቀዋል፤ ሥዕሉ ያለበት ዕቃ የት ነው? ከዓይን በላይ ነው ወይስ ከእጅ በታች?

ሠሪዎቹም ይህን ልዩነት ያውቁ እንደነበር የሚያመለክት አንድ ሰው አለ። አቡ ዘይድ አል-ቃሻኒ ከቃሻን ሠሪዎች ሁሉ ስሙን በብዛት የፈረመ ነው። ሥዕላዊ ከሆኑት የሚናኢ ሳህኖቹ ቀደምቱ የ582 ዓመተ ሂጅራ (1186) ቀን አለው፤ የዙፋንና የመዝናኛ ትዕይንቶች ይታዩበታል። ይኸው ሰው ከሙሐመድ ኢብን አቢ ጣሂር ጋር በመሆን በቁምና በመሽሀድ ያሉትን ታላላቅ መቃብሮች በሚያብረቀርቁ የግድግዳ ሸክላዎች አስጊጧል፤ በመሽሀድ የሚገኘው ሥራ የ612 ዓመተ ሂጅራ (1215) ነው። በዚያ የሚገዛው ፊደል ነው፤ የቁርኣን አያት፣ ሐረግና ቅጠል። አንድ እጅ፣ አንድ እቶን፣ ሁለት ሥፍራ። ወሰኑ ግን ዘወትር አልተጠበቀም። በዳምጋን ከሚገኘው የኢማምዛዴ ጃዕፈር መቃብር እንደመጡ የሚነገርላቸው የ665 ዓመተ ሂጅራ የኮከብ ቅርጽ ሸክላዎች እንስሳትና ሰዎች አሉባቸው። በናታንዝ ደግሞ ከ1308 ገደማ የሆኑ የግድግዳ ሸክላዎች በቁርኣን ፊደላት መካከል ትናንሽ ወፎችን ይዘው ነበር።

የናታንዝ ወፎች ነገር ከሁሉ ይበልጥ ያስደንቀኛል። ከዘመናት በአንዱ ሰው መጥቶ የወፎቹን ራስ ብቻ በጥንቃቄ ፈልፍሎ አጥፍቷል። ክንፋቸው፣ እግራቸው፣ ሐረጉ፣ ፊደሉ አልተነካም። ይህን በሙዚየም የሚያይ ሰው «ጥፋት» ብሎ ያልፈዋል። ጅብሪል (ዐ.ሰ.) የምስሉ ራስ ተቆርጦ እንደ ዛፍ እንዲሆን ማመልከታቸውን የሚናገረውን በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ ያለውን ሐዲስ የቀራ ደረሳ ግን የሰውየውን እጅ ይረዳል። ያ ሰው ሸክላውን መስበር ይችል ነበር። አልሰበረም፤ የጠፋውን ያህል የተጠበቀውም ሥራው ነው። ድርጊቱን የምንወደውም የምናዝንበትም እንኖራለን፤ እኔ ያማሩ ነገሮች ሲቆረጡ አዝናለሁ፤ ቢሆንም የፊቅህ አስተያየት በመሮ ጫፍ ተጽፎ ሲገኝ ማንበብ እንጂ መሳደብ አይገባም እላለሁ።

አሁን ወደ ዋንጫዋ እንመለስ። ዛሬ በመስታወት ሣጥን ውስጥ በመብራት ታጅባ ቆማለች፤ የበህራም ሳህንም እንዲታይ ዘንበል ተደርጎ በመደገፊያ ላይ ቆሟል። ማንም አይጠጣባት፣ ማንም አይበላበት። ሙዚየሙ በቅን ሐሳብ ያደረገው ቢሆንም የተኛውን ትራስ አቁሞታል፤ ከእጅ በታች የነበረውን ከዓይን በላይ ከፍ አድርጎታል። ይህ የፍርድ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ የአነባበብም ጉዳይ ነው። ዋንጫ በማዞር ይነበብ ነበር፤ አሁን አንድ ጎኑ ብቻ ይታያል፣ ሦስቱ ዙሮችም ይቆራረጣሉ። ሳህን ምግቡ ሲያልቅ ቀስ በቀስ ይገለጥ ነበር፤ አሁን በአንድ ጊዜ ይታያል። ከጎኑ የሚለጠፈው መግለጫም የተለመደ ነው፤ የዘመኑን «የዕለት ተዕለት ኑሮ» ያሳያል ይላል።

ይህን አባባል አልቀበለውም። በሚናኢ ሳህኖች ላይ ደጋግመን የምናየው በዙፋን የተቀመጠ ሹም፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው በኩሬ ዳር የተቀመጡ ሰዎች፣ ፈረሰኛ፣ ሙዚቀኛ ነው። የቃሻን እቶን አቀጣጣይ፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ ደረሳ፣ ውኃ ቀጂ ብዙም አይታዩም። ይህ የተመኙት ኑሮ እንጂ የኖሩት አይደለም። በዙሪያው የሚጻፈውም ለባለቤቱ ዘላቂ ክብርና ዕድል የሚመኝ የዐረብኛ ዱዓ ወይም የፋርስኛ የፍቅር ግጥም ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከሥዕሉ ጋር ዝምድና የለውም።

የዕለት ኑሮ የፈለገ ወደ ፋጢሚዮች ካይሮ ይሂድ። ናሲር ኹስራው በ1047 ከተማዋን ሲጎበኝ ከጎኑ የተያዘ እጅ በውስጡ የሚታይበትን ስስ ሸክላ አይቶ ተደንቋል፤ ቀለሙም እንደ አያያዙ ይለዋወጥ እንደነበር ጽፏል። ባለ ሱቆች ለሸቀጣቸው መያዣ የሚሆን ዕቃ ለገዢው ራሳቸው ይሰጡ እንደነበርም ይነግረናል። በዚያች ከተማ የሚያብረቀርቁ ሳህኖች ላይ ዶሮ የሚያዋጉ፣ በዱላ የሚጋጠሙ ሰዎች ተሥለዋል። ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለ አንድ ሳህን ደግሞ ጥና የያዘ የክርስቲያን ካህን ያሳያል፤ የሠሪው ስም «ሰዕድ» ተብሎ ተፈርሞበታል። ለእኛ አገር ሰው ይህ ካህን እንግዳ አይደለም፤ ልብሱንና ጥናውን ከጎረቤቱ ያውቀዋል። ጎረቤት በጎረቤት ሳህን ላይ መሣሉ ስለ ካይሮ ከዙፋን ትዕይንቶች ሁሉ የሚበልጥ ነገር ይነግረኛል። መቅሪዚም፣ ስለ ሐበሻ ሙስሊም ነገሥታት የጻፉልን እኒያው ሊቅ፣ በካይሮ ሁለት ሠዓሊዎች በአንድ ሚኒስትር ፊት ያደረጉትን ውድድር መዝግበውልናል፤ ሥዕል በዚያች ከተማ የገበያ ወሬ ነበረና።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልጨምር አላልፍም፤ መምህራን ፎቶግራፍ ይዘው ክፍል ሲገቡ ይጠቅማቸዋል። የሚናኢ ሸክላዎች አብዛኞቹ በስብርባሪ የተገኙ ናቸው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነጋዴዎች ስብርባሪውን አገጣጥመው፣ አንዳንዴም የሌላ ሳህን ቁራጭ ቀላቅለው፣ የጎደለውን ፊትና ልብስ በአዲስ ቀለም ሥለው ለምዕራባውያን ሰብሳቢዎች ሸጠዋል። የአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲበራበት የኋለኛው ቀለም ከቀደመው ተለይቶ ይታያል። ስለዚህ በአንዲት ፊት ላይ የምናነበው ሐዘን ወይም ፈገግታ የቃሻን ሳይሆን የጠጋኙ ሊሆን ይችላል። ከፊት ገጽታ ትርጉም ከማውጣት ይልቅ በአቀማመጥና በክንውን ላይ መመርኮዝ ይሻላል። የ607 ዓመተ ሂጅራ (1210) ቀን ያለው፣ በፍሪር ሙዚየም የሚገኘው በኩሬ ዳር የተኛው ባልደራስ ሳህን በተመራማሪዎች ብዕር ሱፊያዊ ምሥጢር ሲሸከም አንብቤያለሁ። ትርጓሜው ረቂቅ ነው፤ በሳህኑ ላይ ያለው ግን የተኛ ሰው፣ ፈረስ፣ የቆሙ ሰዎችና ውኃ ነው። ምሥጢሩን ከመጫናችን በፊት ውኃውን እንይ።

ይህ ሁሉ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በድሬዳዋ አቅራቢያ በሐርላ በተደረገው ቁፋሮ ከመካከለኛው ምሥራቅና ከቻይና የመጡ ልባስ ያላቸው የሸክላ ስብርባሪዎች ከ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መስጊድ ጋር በአንድ ከተማ ፍርስራሽ ተገኝተዋል፤ የሩቅ አገር ሳህን በአገራችን ሙስሊሞች ማዕድ ላይ እንግዳ አልነበረም። በሐረር ደግሞ የጌይ ጋር ግድግዳ ሳህንና ስፌት ተደርድሮ የሚሰቀልበት መሆኑን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። አብዛኞቹ አበባና ሐረግ ያለባቸው ናቸው፤ ሚንሃጅም ስለ ዛፍ ሥዕል ከባድ ነገር አይናገርም።

በወሊማ ምዕራፍ ላይ የደረሰ መምህር ግን ለደረሶቹ አንድ ጥያቄ ሊያቀርብ ይችላል። ወፍ ያለበት አንድ ሳህን በግድግዳ ተሰቅሏል እንበል። የሰርግ ቀን ይወርድና ምግብ ይቀርብበታል፤ እንግዳው በልቶ ሲጨርስ ወፏ ከወጡ ሥር ትወጣለች። ማታ ታጥቦ ወደ ምስማሩ ይመለሳል። የጠዋቱ፣ የቀትሩና የማታው ሳህን አንድ ነው። ፍርዱስ?